በፉጨት ያጠጣኋት ባዝራ

ከኅዳር ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ጋጣ እገባለሁ፤ ባዝራዋን አያለሁ፤ እመለሳለሁ፤ እስክሪብቶው የት እንደገባ እፈልጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ እግሬ ደግሞ አያርፍም።

ደብተሩን የሰጠችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ለእኔ የነገሩኝን ለሰው መንገር ካቃተዎት ይጻፉት» አለችኝ። ምን እንደነገርኳት በየተራው ይመጣል።

መንደራችን ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲህ ነው። ከግርጌው ክብ ኩሬ አለ። ወንዝ አይገባበትም፣ ወንዝ አይወጣበትም፤ ክረምት የሰጠውን ይዞ እስከሚቀጥለው ክረምት ያደርሰናል። ለሰው የሚሆን ምንጭ ከማዶ አለ፤ ቀጭን ነው፤ ለእንስራ እንጂ ለከብት አይበቃም። ስለዚህ ከብቱም ፈረሱም የሚጠጣው ከኩሬው ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ባለፈው ኅዳር ኩሬው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ላዩ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስል ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ ወፈረ፤ እንደ ወተት ስልባቦት ሆነና ተጋገረ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ኩሬውን ሞልቶት ይታያል። ከሰዓት ነፋሱ ይመጣና ሁሉንም ጠርጎ ወደ አንድ ዳር ይሰበስበዋል፤ ያ ዳር ከብት የምናጠጣበት ዳር ነው። ሽታውም እንደ ከረመ ጎመን ነበር። እኔ አልደነገጥኩም። ኩሬ ያረንጉዳል፣ ኩሬ ይጠራል፤ አባቴም ስለዚህ ብሎ ከእርሻው የቀረበት ቀን አላየሁም።

ከዚያ የአበልጄ ጊደር ሞተች።

አበልጄ ጎረቤቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ በምላስ ግን አትታማም። ጊደሯ ጠዋት ጠጥታ ወጣች፣ ቀትር ላይ ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ በአራት እግሯ አየር እየረገጠች ሞተች። ሰው ተሰበሰበ። «አባ ሰንጋ ነው፣ ቆዳዋም አይነካ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀበርናት። አበልጄ ግን እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣

«አባ ሰንጋ አይደለም። ውሃው ነው» አለች።

«ውሃ ሲገድል አይቼ አላውቅም፤ ካልሰመጡበት በቀር» አልኳት።

«አሁን ያያሉ።»

«በይ ተይ። አንቺ ጊደርሽ ምን በልታ እንደሞተች ታውቂያለሽ?»

«እንዲህ ነው? እንግዲያውስ ያቺን ባዝራዎን ያጠጡልን፤ እንይ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ እሷ ጨመረችበት። «አይደፍሩም። ለጥር በዓል የሚጋልቧት ናት። አፍ ብቻውን ፈረስ አይጋልብም አበልጄ።»

እዚህ ላይ ስለ ባዝራዋ ልናገር። ዳማ ናት። ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ የሚወርድ ነጭ ቦቃ አላት፤ ሁለቱ የኋላ እግሮቿም እስከ ጉልበት ነጭ ናቸው። እናቷ ስትወልዳት ስለሞተች፣ እኔና ሟች ባለቤቴ በገብስ አጥሚት አሳደግናት። በየዓመቱ ጥር ለፈረስ በዓል ፈረሰኛው ሲሰበሰብ ሽማግሌ ነው ብሎ የሚንቀኝ ሁሉ እሷ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል። ሌላም ነገር አላት፤ ስታፏጭላት ትጠጣለች። ማንም ከብቱን ሲያጠጣ ያፏጫል፤ የእኔዋ ግን ካላፏጨሁላት አፏን ውሃ አትነካም። ካፏጨሁላት ደግሞ ባይጠማትም ትጠጣለች። እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። እኮራባትም ነበር።

ቤቴ ሄጄ ፈታኋት። ሰዉ በነጭ ጋቢው እንደሆነ ተከትሎኝ ወደ ኩሬው ወረደ። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ስልባቦቱ በእኛ በኩል ተጠራቅሟል። እዚያ ዳር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ጭቃ ስለሌለው እግር ይይዛል። ድንጋዩ ላይ ቆሜ አረንጓዴውን በዱላዬ ወዲያና ወዲህ ገፋሁት። ውሃ ታየ። ግን ውሃውም እንደ ቀለም ነበር።

ባዝራዋ አሸተተች። አንኮራፋች። አንገቷን አነሣችና አየችኝ።

«ባዝራዋ ከእርስዎ ትሻላለች!» አለች አበልጄ ከበስተኋላዬ።

አፏጨሁ።

ጠጣች። ጆሮዋ ወደ እኔ ተመልሶ፣ ፉጨቴን እየሰማች፣ ረጅም ጠጣች። እኔም ሳላቋርጥ አፏጨሁ። አበልጄ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ወጣች፤ ሰዉም ተበተነ። ባዝራዋን እየጎተትኩ ወደ ቤት ስወጣ አሸንፌ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገለባውን ተወች። ምራቋ ይንጠባጠብ ጀመር። ጡንቻዋ ከቆዳዋ ሥር ይርገበገባል። አንዱን የኋላ እግሯን አንሥታ ማስቀመጫ ያጣች መሰለች። እኔ ጋጣ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁና ልጄን ደወልኩላት። ዳንግላ የሳይንስ አስተማሪ ናት።

«አባዬ፣ ውሃው ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው?»

«ምን ዓይነት አለው? አረንጓዴ ነዋ!»

«በእንጨት ሲያወጡት እንደ ክር ይንጠለጠላል ወይስ እንደ ቀለም ይበጠበጣል?»

«እንደ ቀለም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጮህኩባት። «አለሁ» አለች። «ሌላ ከብት እንዳይጠጣ። ሐኪም ይጥሩ። ጠዋት እመጣለሁ።»

ስትቆጣ በአገውኛ ነው የምትቆጣው፤ የቀረውን በአገውኛ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

የከብት ሐኪሙ በሞተር መጣ። ወጣት ነው፤ ጥርሱን አልገለጠልኝም። ዓይኗን ገልብጦ አየ፣ ሆዷን አዳመጠ። «ማርከሻ መድኃኒት የለውም» አለኝ። «ከሰል አለዎት?» እዚህ አገር፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የማያከስል ሰው የት ይገኛል? አድቅቀን በንጹሕ ውሃ በጠበጥነውና በአፏ አንቆረቆርንላት። ግማሹ እኔ ላይ ፈሰሰ። «መርዙ ጉበቷን ነው የሚይዘው። ካደረች ተስፋ አላት። ፀሐይ ግን እንዳያገኛት» ብሎ ሄደ። ፀሐይ ምን እንደሚያደርጋት አልጠየቅሁትም። የሌሊቱን ነገር እዘለዋለሁ። አልተኛሁም፤ ይኸው ነው።

አደረች። ቆማ አገኘኋት፤ ግድግዳ ተደግፋ።

ልጄ በሚኒባስ ቆሰበር፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ደረሰች። ወጣቱ እንጅባራ ይላል፤ እኔ ቆሰበር ነው የምለው። ባዝራዋን ዳሰሰችና «ኩሬውን ያሳዩኝ» አለች። ወረድን። በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ ለትንሽ ጊዜ አስቀመጠችው፤ አረንጓዴው ራሱ ተንሳፍፎ ወደ አንገቱ ወጣ። «ዋቅላሚ ነው» አለች። «እንደ ሰብል በፀሐይ ነው የሚያድግ። አንድ አንዱ በዓይን አይታይም። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲፈላ ነው የሚታየው።»

«አሁን እሷ ትድናለች ወይ?»

«ይቀመጡ አባዬ፤ ልንገርዎት።»

«አልቀመጥም። እየሄድሽ ንገሪኝ።»

ኩሬውን እየዞርን ነገረችኝ። ስንት ጊዜ እንደዞርነው እንጃ። እሷ ጫማዋ እየተነቀለ ከኋላዬ ትከተላለች፤ እኔ እፈጥናለሁ።

«ይህ ነገር ባሕር ላይም አለ» አለችኝ። «ያለ እሱ ባሕር ባዶ ነው።»

«ባሕር አይተሻል?»

«ጣናን አይቻለሁ።»

«ጣና ሐይቅ ነው።»

«እርስዎ ጣናንም አላዩም።»

እውነቷን ነው። ስልኳን አውጥታ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አሳየችኝ። ሰማያዊ ውሃ ላይ አረንጓዴው ተጠምዝዟል፤ ጎመን ሲማሰል የማማሰያው መንገድ እንደሚታየው። ከአዊ ዞን ይሰፋል አለችኝ። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይበሉታል፤ ነፍሳቱን ትንሽ ዓሣ ይበላቸዋል፤ ትንሹን ትልቁ። ዓሣ ነባሪ እንኳ ከዚህ ቀለብ ነው የሚኖረው። እኛ ከምንተነፍሰው አየርም ትልቁን ድርሻ የሚሠራው እሱ ነው አለች።

«የባሕር ሣር ነው በይኛ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ሣር ከሆነ ማን ማዳበሪያ ጨመረለት?» አልኳት። ገበሬ ነኝ፤ ሌላ ምን እጠይቃለሁ?

«ነፋስ» አለች። «ባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ይበሰብሳል። ነፋሱ የላዩን ውሃ ሲገፋው ቀዝቃዛው ከታች ያንን ይዞ ይወጣል። ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ይፈላል።»

«ነፋስ ያርሰዋል።»

«አዎ፣ ያርሰዋል።»

ይህ ነገር ደስ አለኝ፤ ለአንድ አፍታ ባዝራዋን ረሳኋት። ወዲያው ትዝ አለችኝና ደግሞ እግሬ ፈጠነ።

«ታዲያ ለዓሣ ቀለብ ከሆነ ለእኔ ባዝራ መርዝ የሚሆነው ስለ ምን?»

«ዘሩ ብዙ ነው። መርዝ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። መጠንም አለው። ገብስዎ ላይ ማዳበሪያ ቢያበዙ ምን ይሆናል?»

«ቅጠል ብቻ ሆኖ ይተኛል።»

«ባሕሩም እንደዚያው ነው። ወንዝ ከእርሻ ማዳበሪያ አጥቦ በሚያስገባበት ዳር ከልኩ በላይ ይፈላል። የሚበላው አይችለውም። ይሞትና ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የውሃውን ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።»

ከዚያ ቆመች። ዳሩን ዙሪያውን አየች። «እዚህ ግን ወንዝ አይገባም። ዳሩም ሁሉ ግጦሽ ነው፤ እርሻ የለም። ማዳበሪያው በየት ገባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኳት።

ይህን ስላት የቆምኩት ድንጋዩ ላይ ነበር።

ድንጋዩ የእኔ ነው። ከላይ ከግጦሹ በበሬ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም በስሜ ነው የሚጠራው። ድሮ እህላችንን በስልቻ ነበር የምንይዘው። የማዳበሪያ ኬሻ ሲመጣ ስልቻው ቀረ፤ ኬሻው ቀላል ነው፣ ብዙ ይይዛል። ግን ይሸታል፤ ገብስ ከተውበት ገንፎው ይሸታል፤ ለዘር ያስቀመጥከው ድንች ዓይኑ ይቃጠላል። እኔ አሰብኩ። ድንጋዩን አመጣሁ፤ ኬሻውን ገልብጬ ስፌቱ ውስጥ የቀረውን ነጭ ፍሬ አራግፌ፣ ድንጋዩ ላይ እየረገጥኩ በኩሬው ውሃ አጠብኩት። ሽታው ጠፋ። ሰው አየና «ይህ ሰው ብልሃተኛ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ በሙሉ፣ ከማዶ መንደርም ሳይቀር፣ ድንች የሚያነሣ ሁሉ በጥቅምት ኬሻውን ተሸክሞ እዚያ ይወርዳል። ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራ ያስያዝኩትም እኔው ነኝ። በዚያ ቀን እንኳ አንድ የተረሳ ኬሻ ድንጋዩ ሥር በግማሹ ሰምጦ፣ ዙሪያው ከሌላው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ልጄ ኬሻውን አየችው። እኔን አየችኝ። ነገርኳት። ለሷ ብቻ።

«ለሰው መንገር አለብዎት» አለች።

«ቆይ ባዝራዋ ትዳን።»

ባዝራዋ ሞትን አለፈችው። ግን በሳምንቱ እንደዳነች ብዬ ቀን አወጣኋት፤ የሐኪሙን ቃል ንቄ። ነጩ ሁሉ ተቃጠለ። ዳማው ምንም አልሆነም፤ ቦቃዋ ግን አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ፣ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። የኋላ እግሮቿም እንደዚያው። ጉበቷ ስለተጎዳ ደሟ ውስጥ የሚቀር ነገር አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ነጩን ቆዳ ያቃጥላል ብሎ ሐኪሙ ያኔ አስረዳኝ። ያኔ ነው የጠየቅሁት። ስለዚህ ቀኑን በሙሉ ጨለማ ጋጣ ውስጥ ናት፤ የምትግጠው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው መጠጡ ነው። ንጹሕ ውሃ ከምንጩ በጀሪካን አመጣሁላት። ባልዲውን አስቀመጥኩና እንደ ልማዴ አፏጨሁ። ጆሮዋን ጣለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠምቷታል፤ ምላሷ ደርቋል። ደግሜ አፏጨሁ። ተንቀጠቀጠች። ውሃውን ቀየርኩ፣ ባልዲውን ቀየርኩ፤ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ አፏጨሁ። እስከ ቀትር አልጠጣችም። ከዚያ ደክሞኝ በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። በጀርባዬ በኩል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። እየጠጣች ነበር። ከዚያ ወዲህ አላፏጨሁም። ከብት ሳጠጣ ከንፈሬ ልማዱን ይጀምራል፤ በእጄ እይዘዋለሁ።

በታኅሣሥ ውርጭ መጣ፤ አረንጓዴው ሰጠመና ኩሬው ጠራ። ሰው «አለፈ» አለ። ልጄን ደውዬ «ጠርቷል» ስላት «ጭቃው ውስጥ ነው አባዬ። የበላውም ማዳበሪያ ጭቃው ውስጥ ነው። ሲሞቅ ይመለሳል። ለሰው ነገሩ ወይ?» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኳት። አልተቆረጠም ነበር።

ጥር ደረሰ። ፈረሰኛው ተሰበሰበ፤ ኮርቻው፣ የአንገት ጌጡ፣ አቧራው። እኔ በእግሬ ሄድኩ። ከአዘና የመጣ የጥንት ጓደኛዬ ከፈረሱ ላይ ሆኖ «አያ፣ ዳማይቱስ?» አለኝ።

«አንክሳ ነው» አልኩት።

«ወይኔ! እግሯ ነው?»

«እግሯ ነው።»

በሰባ ዓመቴ ስለ ፈረስ ዋሸሁ። ሳልሰነብት ወደ ቤት ተመለስኩ፤ መንገዱን በሙሉ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ። ይህን ደብተር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚህ የጻፍኩትን ለማንም አላሳየሁም።

ትናንት ግን እንዲህ ሆነ። ለመስኖ ድንች የመጣው ማዳበሪያ ተዘርቶ አልቆ፣ ባዶው ኬሻ በየቤቱ ደጃፍ ተከምሯል። ጠዋት በማለዳ ወረድኩ። ድንጋዩን በቀርከሃ ዘንግ ልፈነቅለው ሞከርኩ፤ ዘንጉ ተሰበረ። በሌላ ሞከርኩ። ጭቃው ውጦታል፤ ያን ጊዜ በሬ ነበረኝ፣ ጉልበትም ነበረኝ። ስድብ ሰደብኩት። በመጨረሻ ሌላ ነገር ስላጣሁ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

አበልጄ ኬሻ ተሸክማ ከላይ ስትወርድ አየሁ። ከመሬት አኖረችው፤ ወገቧን ያዘች።

«ይነሡልኛ አበልጄ፤ ልጠብበት።»

«አልነሣም።»

«ምን ሆነዋል? አሞዎታል?»

«አልነሣም አልኩሽ።»

«ድንጋዩ የእርስዎ ነው፤ ውሃውም የእርስዎ ሆነ?»

ተነሥቼ ልሄድ ፈለግሁ። እግሬ ተነሣ ይለኛል። ከተነሣሁ እንደምሮጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ጊደርሽ በአባ ሰንጋ አልሞተችም» አልኳት። «ውሃው ነው የገደላት። ውሃውን ያበላሸው ኬሻው ነው፤ ስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ማዳበሪያ። ኬሻ ማጠብ ያስተማርኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄ በኅዳር ከነገረችኝ ስንት ወር ሆነው። ለማንም አልተናገርኩም። ባዝራዬንም ውሃው እየሸተተኝ፣ እያየሁት፣ እሷ አልጠጣም እያለችኝ፣ እያፏጨሁ አጠጣኋት። አንቺን ለማሸነፍ ብዬ።»

ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ስትሰድብ አውቃለሁ። ኩሬውን አየች። የሞተችባት ጊደር በቀጣዩ ዓመት ወተቷ ልትሆን ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፣ መልሳ ፈታችው።

«በኅዳር ብነግራችሁ ኖሮ...» ስል፣

«ዝም ይበሉ» አለችኝ።

ኬሻዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ታዲያ ኬሻዬን የት ልጠበው?» አለች።

«ከቤትሽ ደጃፍ፣ በገንዳ። እጣቢውን ገብስሽ ላይ ድፊው፤ ለገብሱ ይጠቅመዋል። ውሃ ከምንጩ እኔ አመጣልሻለሁ።»

«እርስዎ? በዚህ ወገብ?»

«በዚህ ወገብ።»

ከላይ በኩል ድምፅ ተሰማ። ሁለት ሰዎች ከማዶ መንደር ኬሻ ጭነው እየወረዱ ነበር። አበልጄ አየቻቸው። ኬሻዋን ጠቅልላ ከብብቷ ሥር ከተተችና ወደ ድንጋዩ መጣች።

«ጠጋ ይበሉልኝ» አለች። «ብቻዎን ከተቀመጡማ ከጎንዎ ሆነው ያጥቡታል።»